ቀስ ብሎ መሄድም ትምህርት ነው

ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ወንድማችን በመጀመሪያው የዕረፍት ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። በ10 ቀን 6 ዋና ከተማ ይዞራል፤ በየአደባባዩ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ ጧት በሌላ አገር ጣቢያ ይነቃል። ሲመለስ «ምን አየህ?» ብለን ብንጠይቀው የሚነግረን የከተሞቹን ስም ነው። ስሙንማ እኛም ከካርታ ላይ እናገኘዋለን። እኛ ግን ከዚህ ዐይነቱ ሩጫ ይልቅ አንድ አገር መርጦ በብስክሌት ቀስ እያሉ መዞር የበለጠ ደስታ፣ የበለጠም ዕውቀት ይሰጣል እንላለን።

ለምሳሌ ሆላንድን እንውሰድ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በዋግኒንገን እርሻን፣ በዴልፍት የውሃ ምሕንድስናን የተማሩበት አገር ስለ ሆነ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በዚያ አገር 18 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ ከ20 ሚሊዮን በላይ ብስክሌት አለ። የአብዛኛው ሰው ብስክሌት ለእሽቅድምድም የተሠራ አይደለም። መሪው ሰፊና ከፍ ያለ በመሆኑ ነጂው በወንበር ላይ እንዳለ ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ሰንሰለቱ የተሸፈነ ስለ ሆነ ሱሪም ቀሚስም አያቆሽሽም፤ ብዙዎቹ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ይቆማሉ። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ለማንም ይበቃል። እናት ልጆቿን ከፊትና ከኋላ አስቀምጣ፣ አስተማሪው ከረባቱን አስሮ፣ ሽማግሌው አስቤዛውን ጭኖ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርክ ሩተ እንኳ በብስክሌት ወደ ቢሮአቸው ሲሄዱ ይታዩ ነበር። ይህን በማድረጋቸው ክብራቸው የቀነሰ አልመሰላቸውም፤ ለሕዝቡም አልመሰለውም።

የዝግታ ጥቅም የሚገባው በመንገድ ላይ ነው። ከኡትሬኽት እስከ አምስተርዳም በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ተሳፋሪውም ጋዜጣውን ሳይጨርስ ይደርሳል። የፌኽትን ወንዝ ተከትሎ በብስክሌት የሚሄደው ግን የግማሽ ቀን መንገድ አለው። በግራና በቀኝ የ17ኛውና የ18ኛው መቶ ዓመት የአምስተርዳም ነጋዴዎች የሠሯቸውን የበጋ ቤቶች ያያል፤ የኒው ዮርክ ብሩክሊን ስሟን በወሰደችበት በብሮይክለን ቡና ይጠጣል፤ ድልድዩ ለጀልባ ሲከፈት ከአገሬው ጋር ቆሞ ይጠብቃል። ስለ ባሕር ንግድ ሀብት በመጽሐፍ ያነበበው ነገር በዐይኑ ፊት ይቆማል። አንዱ ገበሬ «ከየት መጣህ?» ይለዋል፤ እርሱም መልሶ ስለ ላሞቹ ይጠይቃል። በባቡር መስኮት ይህ ሁሉ አይገኝም።

መንገድ ይጠፋኛል የሚል ሰው ቢኖር አይሥጋ። የብስክሌት መንገዶቹ መገናኛዎች ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ተጓዡ የሚያልፍባቸውን ቁጥሮች በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ብቻ ነው። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1995 በቤልጂክ ሊምቡርግ ተጀምሮ ነው ወደ ሆላንድ የተስፋፋው። የሚያስቸግረው ነፋሱ ነው፤ ዳገት በሌለበት አገር ዳገቱ እርሱ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ከመታገል ይልቅ ወርዶ ሾርባ መጠጣት ይሻላል።

ይሁን እንጂ «ሆላንዶች ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ናቸው፤ አገራቸውም ሜዳ ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ስሕተት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነርሱም መንገዳቸውን ለአውቶሞቢል ለቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ ሞተ፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብለው ተነሡ። በ1973 የነዳጅ ችግር ሲመጣ መንግሥት እሑድ እሑድ አውቶሞቢል እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሕዝቡም ባዶውን አውራ ጐዳና በእግርና በብስክሌት ሞላው። የተለየው የብስክሌት መንገድ የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው። ዛሬ እንግዳው በደስታ የሚንሸራሸርበት ጸጥታ ወላጆች በሐዘንና በጩኸት ያገኙት ነው። ሩጫ ላይ ያለ ጐብኚ መንገዱን ያያል እንጂ ይህን አይጠይቅም።

«ዝግታ ለጠገበ አገር ነው፤ እኛ መሮጥ አለብን» የሚሉን ወዳጆች አሉ። መልሳችን ዝግታና ስንፍና አንድ አይደሉም ነው። ቀጥ ብሎ በዝግታ የሚነዳው ሆላንዳዊ በቀጠሮው ሰዓት ይደርሳል፤ ከእኛ ዘንድ ግን በመኪና የሚበርረው ሰው ስንት ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል! ደግሞስ አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለማን ነው?

ነገሩ በጉብኝት ብቻ አያበቃም። ከውጭ የተመለሰው ምሁር የመማሩ ምልክት መኪና እየሆነ፣ ብስክሌት የድኻና የልጅ ነገር ተብሎ ይናቃል። በዋግኒንገን ሳለ በብስክሌት ወደ ክፍል ሲሄድ ያላፈረው ሰው በአገሩ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየንም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ባለ ዳገት ከተማ መሆኗን አንክድም። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ግን ሜዳ ናቸው፤ ብስክሌትንም ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቁታል። በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2018 «መንገድ ለሰው» በተባለው ቀን ጐዳናው ለእግረኛና ለልጆች ሲለቀቅ፣ ከ2024 ወዲህም በታደሱት ጐዳናዎች ዳር የብስክሌት መስመር ሲሠራ አይተናል። መስመሩ ተሠርቶ ማንም ካልሄደበት ግን የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ለትምህርት የምትወጡ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! በመጀመሪያው ወር አሮጌ ብስክሌት ግዙ፤ ጠንካራ ቁልፍም አትርሱ፤ ሌባ እዚያም አለ። በዕረፍታችሁ አንዱን አውራጃ በቀስታ ዙሩ። አስተማሪዎቻችንም ከጉባኤ ሲመለሱ ከአዳራሹ ውጭ ያዩትን ይንገሩን። ስትመለሱ የከተሞችን ስም አትቍጠሩልን፤ አንድ መንደር እንዴት እንደሚኖር፣ መንገዱንም ማን ታግሎ እንዳሠራው ንገሩን። እኛም ያን ጊዜ በእውነት አገር አይታችሁ መጣችሁ እንላለን።