ፈጣኑን ዘዴ ለእናቴ ቀሚስ አልመኘውም

እዚህ አሜሪካ መጥቼ የለመድኩት ነገር ኩዊልት መስፋት ነው፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ የሚሰሩት ብርድ ልብስ። ዘንድሮ የእናቴን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሁለት የጥጥ ቀሚሶች ከአገር ቤት አስመጥቼ ለልጄ ልሰፋላት ተነሳሁ። ልጄ አያቷን አላየቻትም።

ንድፉ እንደ ወረቀት መዘውር ነው። ለአንዱ ብሎክ ከሁለት ሶስት ማዕዘን የተሰሩ አራት ካሬዎች ይፈልጋል። ቪዲዮ ላይ ያየሁት ዘዴ ደግሞ በጣም ያጓጓል፦ ሁለት ካሬ ጨርቅ ፊት ለፊት አጋጥሞ ዙሪያውን መስፋት፣ ከዚያ በሁለቱም ሰያፍ መቁረጥ። አራቱም በአንዴ!

ምን ሆነ መሰላችሁ? ተኩስ ሳደርጋቸው አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ተሳበ። ስገጣጥማቸው ጫፎቹ ተበሉ። ስተረትር ያረጀው ጨርቅ ተቀደደ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እኔ ግን የምለቅመውም አልነበረኝ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ የተቆረጠ ጠርዝ ብዙም አይሳብም፤ በሰያፍ የተቆረጠ ግን ይለጠጣል። በዚያ ዘዴ አራቱም የውጭ ጠርዞች ሰያፍ ናቸው።

አቋሜ ይሄ ነው፦ ዘዴውን መምረጥ ያለበት ጨርቁ ነው። ከሱቅ የተገዛና የሚተካ ከሆነ፣ ሁለት ባለ 8 ኢንች ካሬ አጋጥሙ፣ ሁለቱንም ሰያፍ አስምሩ፣ ከመስመሮቹ ግራና ቀኝ 1/4 ኢንች ላይ ስፉ፣ ከዚያ መሃል ለመሃል በቁመትና በአግድም፣ ቀጥሎም በመስመሮቹ ላይ ቁረጡ። ስምንት ይወጣል፣ የውጭ ጠርዙም ቀጥ ያለ ነው።

የማይተካ ከሆነ ግን ባለ 4 ኢንች ካሬ ይዛችሁ ሁለት ሁለት ስሩ። አንድ ሰያፍ፣ ግራና ቀኙን ስፌት፣ መሃሉን መቁረጥ። ከዚያ 3 ኢንች ተኩል ላይ አስተካክሉት፤ ተሰፍቶ ሲያልቅ 3 ኢንች ይሆናል።

«3 ከ7/8 ይበቃል፣ ጨርቅ ታባክኛለሽ» የሚሉኝ አሉ። ሂሳቡ ልክ ነው። እጄ ግን ሁሌ ልክ አይደለም። ያቺ 1/8 ኢንች የስህተቴ መጠባበቂያ ናት። ከእናቴ ቀሚስ ክር የሚያህል ቢጣል ይሻለኛል፣ ሙሉ ቁራጭ ከሚበላሽ።

ከተረፈው ዘጠኝ ብሎክ ወጣልኝ። ትንሽ ነው፣ ግን ልጄን ያለብሳታል።

እናንተስ ቤት የማይተካ ጨርቅ አለ? ለመቀስ አትቸኩሉበት።