ሲሊንደሩ፣ ስቶቩ እና የአከራዩ ቆጣሪ

ቤት ተከራይቶ ለብቻው መኖር የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ወር የሚጠይቃት ጥያቄ አለች፦ «ለማብሰያ ሲሊንደር ልግዛ ወይስ ስቶቭ ይሻለኛል?» ፈረንሳይ ለጋሲዮንም፣ ኮተቤም፣ ላምበረትም ጥያቄዋ ያው ናት። መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጓደኛ ግምት ነው። አንዱ «ስቶቭ መብራት ይበላል፣ ተወው» ይላል። ሌላው «ሲሊንደሩ ወር ሳይሞላ አለቀብኝ» ብሎ ያማርራል። ቁጭ ብሎ ያሰላ ሰው ግን ብዙም አላጋጠመኝም። እስቲ ዛሬ እናስላው፤ ካልኩሌተሩ እንደሆነ እጃችሁ ላይ ነው።

መጀመሪያ አንድ የቃል ጣጣ እንፍታ። «ጋዝ» ስንል ሁላችንም አንድ ነገር ማለታችን አይደለም። እናቶቻችን ዘንድ ጋዝ ላምባ ነው፤ ከማደያ በጄሪካን ተቀድቶ ክር ባለው ምድጃ የሚነደው። ምድጃውንም ብዙ ቤት «ቡታጋዝ» ይሉታል። ለኛ ለኮንዶሚኒየም ልጆች ደግሞ ጋዝ ማለት ሲሊንደሩ ነው። ሁለቱ በዋጋም በባሕርይም የተለያዩ ናቸው። እኔ እዚህ ላምባውን «ላምባ»፣ ሌላውን «ሲሊንደር» እያልኩ እሄዳለሁ።

አሁን ሒሳቡ። አንድ ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ ሲነድ 12.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይሰጣል። ግን ሙቀቱ ሁሉ ድስቱ ውስጥ አይገባም፤ ግማሽ የሚሆነው በድስቱ ጎንና ጎን እየሸሸ ቤቱን ነው የሚያሞቀው። ወጡ ጋ የሚደርሰው ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የኤሌክትሪክ ስቶቭ በአንጻሩ ከሚወስደው ኃይል ወደ 70 በመቶው ድስቱ ላይ ይውላል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጋዝ የሚሠራውን ሥራ ስቶቭ በ10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል።

ከዚህ አንዲት ቀላል መንገድ ትወጣለች። ሲሊንደር ለማስሞላት የከፈላችሁትን ብር ለኪሎው አካፍሉ፣ የመጣውን እንደገና ለ10 አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር መብራት ከሲሊንደር ጋር እኩል እንዲወደድ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ብር መግባት እንዳለበት ይነግራችኋል። ለምሳሌ ያህል አንዱ ኪሎ ጋዝ 200 ብር ቢሆን፣ ሲሊንደር የሚያዋጣው መብራት በኪሎዋት ሰዓት ከ20 ብር በላይ ሲሆን ነው። የራሳችሁን የመብራት ዋጋ ለማወቅ ደግሞ በቴሌብር የከፈላችሁትን ሒሳብ በዚያ ወር በተጠቀማችሁት ኪሎዋት ሰዓት ማካፈል ነው። ካርድ ቆጣሪ ያላችሁማ ስንት ብር ስንት እንደሞላላችሁ በየጊዜው ታዩታላችሁ።

እስከ 2016 መጨረሻ በሠራው ታሪፍ የመኖሪያ ቤት ዋጋ ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በታች ለሚጠቀም 0.273 ብር፣ ከ500 በላይ ለሚጠቀም ደግሞ 2.481 ብር ነበር። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ የሚል አዲስ ታሪፍ መጥቷል፤ «መብራት ተወደደ» የሚለው ወሬም የመጣው ከዚህ ነው። ተወዷል፣ እውነት ነው። ግን ያንን የ2.481 ብር ጣሪያ በአምስት አባዙት፦ 12 ብር ከምናምን ነው።

ላምባን ከዚህ ጋር አስተያዩት። በሐምሌ 2014 የነዳጅ ድጎማ መነሳት ሲጀምር የላምባ ሊትር 49.02 ብር ነበር። በመስከረም 2017 90.28 ገባ፤ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 98.98። አንድ ሊትር ላምባ ስቶቭ በ6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚሠራውን ነው የሚሠራው። 98.98 ለ6 ሲካፈል 16 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። በአምስት ያባዛነው የመብራት ጣሪያ እንኳ አይደርስበትም። የድሃ ማገዶ ሲባል የኖረው ላምባ ከኤሌክትሪክ ጋር ሲተያይ የቅንጦት ዕቃ ሆኗል። ከሰልም ቢሆን አይተናነስም፤ አንድ ኪሎ ከሰል ተራ ምድጃ ላይ የሚሠራው ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መብራት የሚሠራውን ነው። በፌስታል የምትገዙትን ከሰል አንድ ቀን መዝኑትና ራሳችሁ ፍረዱ። (ቡናውን አልነካሁም። ቡና በከሰል ነው፣ አበቃ።)

ሲሊንደር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር በሚያወጣው የነዳጅ ዋጋ ዝርዝር ላይ ቤንዚን፣ ነጭ ናፍጣ፣ ኬሮሲን እያለ ታያላችሁ፤ የሲሊንደር ጋዝ ግን አታገኙበትም። ጋዙ በዶላር የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፤ የሲሊንደሩ ዋጋም አብሮ ተጎተተ። የመብራት ተርባይን የሚዞረው በአባይና በኦሞ ውሃ ነው፤ ውሃው ዶላር አይጠይቅም።

እንግዲህ ሒሳቡ እንዲህ ግልጽ ከሆነ ለምንድነው የካ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የከሰል ጭስ የምናየው? ሰው ሒሳብ ስለማይችል አይደለም። እንዲያውም በየቀኑ በአሥር ብር የሚያሰላ ሰው ከማናችንም በላይ ሒሳብ ይችላል። ችግሩ ቆጣሪው ላይ ነው።

የመብራት ታሪፍ ብዙ የሚጠቀመውን በውድ፣ ጥቂት የሚጠቀመውን በርካሽ ያስከፍላል። ሐሳቡ ደግ ነው። ነገር ግን ታሪፉ የሚቆጥረው ቆጣሪ እንጂ ቤተሰብ አይደለም። በአንድ ግቢ ውስጥ አራት ተከራይ አለ እንበል፤ እያንዳንዱ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል። የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው በድሮው ታሪፍ ከፍተኛው እርከናቸው 0.767 ብር ነበር። ግን ቆጣሪው አንድ ነው፣ የአከራዩ። ቆጣሪው 240 ያነብና የ2 ብር እርከን ውስጥ ይገባል። ለድሃ ተብሎ የተቀመጠው ድጎማ ግቢው በር ላይ ቀረ ማለት ነው። ግቢውን ለብቻው ይዞ ትንሽ የሚጠቀም ሰው ግን ድጎማው አይቀርበትም።

ቁጥሩ በአዲሱ ታሪፍ ተቀይሯል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። እርከኑ ሲወደድ አከራይ ምን ያደርጋል? ሕግ ያወጣል። «ስቶቭ አይቻልም»፣ «ምጣድ በሳምንት አንዴ»፣ «ካውያ ስትጠቀሙ ንገሩኝ»። ቤት ፈልጋችሁ የምታውቁ ይሄን ዝርዝር ከደላላው አፍ ሰምታችሁታል። አከራዩንም አልፈርድበትም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፣ አንድ ዙር ጋግሮ ለመጨረስ 6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሊሄድ ይችላል። አራት ተከራይ በየሳምንቱ ቢጋግር ሒሳቡ የሚመጣው በእሱ ስም ነው፤ ግማሹ ተከራይ ደግሞ ወሩ ሳያልቅ ሊለቅ ይችላል። የግቢው መስመርም ለዚያ ሁሉ ጭነት አልተዘረጋም። ተከራይዋስ? እንጀራውን ከጉሊት ትገዛለች፣ ወጡን በከሰል ትሠራለች። ርካሹ ኃይል ግድግዳው ላይ ተሰክቶ እያየችው ውዱን ትገዛለች።

ይሄ ሁሉ ወደ እንጦጦ ይወስደናል። ዳገቱን የሸፈነው ባሕር ዛፍ እዚያ የተገኘው በማገዶ ጉዳይ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የአካባቢው ደን ለማገዶና ለግንባታ ተመንጥሮ አለቀ፤ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መምጣት ደርሶ ነበር። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ መጥቶ ከተማዋን አስቀራት። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ዛሬም ከዳገቱ ከ30 ኪሎ በላይ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችና ልጃገረዶች አሉ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ከተከፈተ ወዲህ ብዙዎቻችን ዳገቱን የምናውቀው በፎቶ ነው፤ እነሱ የሚያውቁት በወገባቸው ነው። ያ ሸክም የሚሸጠው ገዢ ስላለው ነው። ገዢው ደግሞ ከፊሉ ምጣድ የተከለከለው ግቢ ውስጥ ያለው ሰው፣ ወይም ለዚያ ሰው እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ሴት ናት። ጫካውን በጥበቃ ብቻ ማዳን ይቻላል የሚሉ ሰዎች የቆጣሪውን ነገር ቢያዩት ጥሩ ነበር።

ስለ ሲሊንደር ግን ፍትሐዊ ልሁን። መብራት ይጠፋል። ሳይጠፋም ምሽት ላይ ሁሉም ሰው ሲያበስል ኃይሉ ይደክምና ምጣዱ ሳይግል ይቀራል፤ ሊጡ አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ብሎ ሲጠብቅ ይሄ ቀልድ አይደለም። ሕፃን ያለበት ቤት ወተት ለማፍላት ሲሊንደር ማስቀመጡ ብልህነት ነው። ስለዚህ የራሳችሁ ቆጣሪ ካላችሁ ዋናው ማብሰያችሁ ስቶቭ፣ መጠባበቂያው ሲሊንደር ቢሆን ያዋጣችኋል። ሲሊንደር ካላችሁ ደግሞ ማሰሪያውንና ቱቦውን የሳሙና አረፋ ቀብታችሁ ፈትሹ፤ አረፋው ከተነፋ ያፈስሳል ማለት ነው። ይሄ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስስ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ ሽታ ከሸተታችሁ ማብሪያ ማጥፊያ ሳትነኩ በር ክፈቱ። ከሰል የምታነዱ ደግሞ፣ በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ሰው ይገድላል፤ በየክረምቱ የምንሰማው ነው።

ሁለት ትልልቅ ዜናዎች ይሄን ሁሉ ይቀይሩታል ወይ የሚል ጥያቄም አለ። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋዋት። ኃይሉ አለ። ኮተቤ ያለችው ተከራይ ጋ ለመድረስ ግን የሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ ቀጭኑ የግቢ ሽቦ እና ያ አንድ ቆጣሪ መሐል ላይ ቆመዋል። ሁለተኛው ዜና መስከረም 22 ቀን 2018 ካሉብ ላይ የተመረቀው የሶማሌ ክልሉ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ያመርታል ተብሏል። ብዙ ልጆች «በቃ ሲሊንደር ሊረክስ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ያ ጋዝ ሌላ ነው። የሲሊንደሩ ፕሮፔንና ቡቴን በመጠነኛ ግፊት ብቻ ፈሳሽ ይሆናል፤ የተፈጥሮ ጋዝ ግን ፈሳሽ ለመሆን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ይፈልጋል። ወጥ ቤታችሁ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አይገባም። ለከባድ መኪናና ለፋብሪካ ሊጠቅም ይችላል፤ ለእናንተ ሽሮ ግን ገና ነው።

የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሁለቱንም ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል፤ የነዳጁንም የመብራቱንም። ስለዚህ ላምባና ከሰል ለሚያነድ ተከራይ ቤተሰብ መፍትሔ ማቅረብ ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ። በአንድ ቆጣሪ ላይ የተመዘገቡ አባወራዎች ቁጥር እየታየ እርከኑ ቢባዛ፣ ለአራት ቤተሰብ አራት እጥፍ ቢፈቀድ፣ አዲስ ሽቦ ሳይዘረጋ ብዙ ግቢ ውስጥ ክልከላው ይላላ ነበር። የወረዳ መታወቂያ አለ፣ ፋይዳ አለ፤ በአንድ ግቢ ስንት ቤተሰብ እንዳለ ማወቅ የሚያቅት አይመስለኝም። አከራዮች የሌሉ ሰዎችን ያስመዘግባሉ የሚል ስጋት ይነሳል፣ ይገባኛል። ዛሬ ግን ድጎማው የሚያልፈው ሕጋዊውን ተከራይ ነው።

እስከዚያው ቤት ስትፈልጉ ደላላውን ከኪራዩ ቀጥሎ ስለ ቆጣሪው ጠይቁት። የራሱ ቆጣሪ ያለው ክፍል በወር ጥቂት መቶ ብር ቢወደድ እንኳ፣ የከሰሉንና የሲሊንደሩን ወጪ አብራችሁ ስትደምሩ ርካሹ እሱ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።