ልጃችሁን ለሩጫ ስልጠና ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ትምህርት ሊዘጋ ሲል «ዶክተር፣ ልጄን የክረምት የሩጫ ስልጠና ላስገባት ወይ?» የሚሉኝ ወላጆች ይበዛሉ። አሰላ ላይ ይህ አይገርምም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ትምህርት ቤት ይሄድ የነበረው 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነው። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽም የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው። በጥሩነሽ ስም የተሰየመው የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከልም እዚሁ አሰላ ይገኛል።

መልሴ «አዎ፣ አስገቧት» ነው። ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል።

በቅርቡ አንዲት የ16 ዓመት ሯጭ ቅልጥሟን አሟት መጣች። ሕመሙ ስድስት ሳምንት ሆኖታል፤ ሌሊትም አያስተኛትም። የወር አበባዋን ስጠይቃት አቀርቅራ «ከቀረ አራት ወር ሆነው» አለችኝ። እናቷ «ስፖርት ስለምትሠራ ነው እኮ» አሉ። ልጅቷ ለካ ክብደት እንዳትጨምር ራት መብላት ትታለች። ስትመረመር ከጫና ብዛት አጥንቷ ተሰንጥቆ ተገኘ።

የወር አበባ መቅረት የጉብዝና ምልክት አይደለም! የምትበላው ምግብ ለልምምዱ ካልበቃ ሰውነት ቁጠባ ውስጥ ይገባል። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፣ የወር አበባ ይቆማል፣ አጥንትም ይሳሳል። ይህ የሚሆነው ደግሞ አጥንት በብዛት በሚገነባበት ዕድሜ ላይ ነው።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት እነዚህን አረጋግጡ፦

✅ እረፍት፦ በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን። የሳምንቱ የልምምድ ሰዓት ከዕድሜዋ አይብለጥ፤ ለ12 ዓመት ልጅ ቢበዛ 12 ሰዓት።

✅ ምግብ፦ ከልምምድ በኋላ ቶሎ ትብላ። በሶው፣ ቆሎው፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ ከቤታችን አለ። ራት አይዘለልም።

✅ አይረን፦ በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ ላይ ሰውነት ብዙ ቀይ የደም ሴል ስለሚሠራ አይረን ይፈልጋል። ምስር፣ ጎመንና ሥጋ ይጠቅማሉ። ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር አይሁን፤ አንድ ሰዓት ይቆይ።

✅ ሕመም፦ እያነከሰች አትሩጥ። አንድ ቦታ ላይ የሚጸና፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ሐኪም ይያት።

✅ የወር አበባ፦ ለሦስት ወር ከቀረ፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ካልጀመረ ትመርመር። ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል።

ለአሰልጣኞችም አንድ ቃል አለኝ። የልጆቹን ሰዓት በሰከንድ ትመዘግባላችሁ፤ ጎበዝ። ግን «ትናንት ምን በላሽ? ምን ያህል ተኛሽ?» ብሎ የሚጠይቅስ ማን ነው? ልጃገረዶች ስለ ወር አበባቸው ለወንድ አሰልጣኝ መናገር ያፍራሉ። ስለዚህ በየስልጠናው ቢያንስ አንዲት የሚያምኗት ሴት ልትኖር ይገባል ባይ ነኝ። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ያቺ ልጅ አርፋ፣ በደንብ በልታ፣ አሁን ቀስ በቀስ ወደ ልምምዷ እየተመለሰች ነው። አንድ ወር ቀድማ ብትመጣ ኖሮ ግን ክረምቱ አያመልጣትም ነበር።

ሯጭ ልጅ ላለው ሁሉ ሼር አድርጉ።