ታይቷል ወይስ ተነግሯል?

የዓለም መነሻ በትምህርት ቤት «ታይቶ የተረጋገጠ» ተብሎ ይነገር ወይ? ንፋስ መውጫ ላይ አንድ የፊዚክስ መምህርና አንድ መሪጌታ ይሟገታሉ።

መምህሩ፦ ይነገር እንጂ! እ.ኤ.አ. በ1929 ኤድዊን ሐብል ጋላክሲዎች በራቁ ቁጥር ከእኛ የሚሸሹበት ፍጥነት እንደሚጨምር አሳየ። ሩጫውን ወደ ኋላ ብንመልሰው፣ ሁሉም አንድ ጊዜ ተፋፍጎና ግሎ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ግለት የተረፈውን ጨረር ፔንዚያስና ዊልሰን በ1965 ይፋ አደረጉት። አንቴናቸው ከየትም ቢያዞሩት አንድ ዓይነት ጉርምርምታ አልለቅ ሲላቸው፣ ውስጡ ጎጆ በሠሩ እርግቦች አሳበቡ፤ ኩሱን ጠረጉ፤ ጉርምርምታው ግን እዚያው። ዛሬ ከፍጹም ዜሮ በ2.725 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይለካል፤ ከአቅጣጫ አቅጣጫ ያለው ልዩነት ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ያህል ነው። ሦስተኛው ምስክር ሂሊየም ነው፤ ከተራው ቁስ ሩብ ያህሉን ክብደት ይዟል፤ ከዋክብት ብቻቸውን ይህን ያህል አያመርቱም። የዓለም ዕድሜ ሲሰላ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ይሆናል። ቁጥር የማይወድ ሰው ይህን ወሬ ቢለው አይገርመኝም።

መሪጌታው፦ «ቁጥር የማይወድ» አልከኝ፣ ልጄ? ቤተ ልሔም ድጓ፣ ዙር አምባ ዝማሬ መዋስዕት በሚመሰከርበት በጋይንት? ኮቸሮ ለምኖ የሚያድር የቆሎ ተማሪ፣ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ፣ ለ19 ገድፎ፣ ከቀሪው አንድ አጉድሎ ወንበሩን ያገኛል፤ ከዚያ አበቅቴውን፣ መጥቅዑን፤ የዓመቱን ፋሲካ ያለወረቀት ያወጣልሃል።

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄን «ዓለም ስንት ዓመቷ ነው?» አልኩት። «13.8 ቢሊዮን» አለ፣ አፉ ላይ ነበር። «እንዴት ታወቀ?» ስለው «ፈተና ላይ ይመጣል» አይለኝም! የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ዜማ የቀጸለ ልጅ ከማን እንደተቀበለው ይናገራል፤ ሲስት ይታረማል፤ ሲበቃ ይመሰከርለታል። ያንተ ተማሪ ግን ያላየውን «ታይቷል» እያለ ይምላል። ሐሰት ባይሆን እንኳ ምስክርነት አይደለም። ታየ ካልክ አሳየዋ! ካልቻልክም «ያዩ ሰዎች ነገሩን» በል፤ ነውር የለበትም፤ እኔስ የነቢያትን የማምነው እንዲሁ አይደል? ደግሞ ልኬታችሁ አንዱ 67፣ አንዱ 73 ይላል አሉ። እነሱ ሳይስማሙ ልጁን በምን ታስምለዋለህ?

መምህሩ፦ የኔታ፣ 67ና 73 የተባለው የመስፋፋቱ ፍጥነት ነው። ሽማግሌዎች በካሣው መጠን ቢለያዩ በደሉ አልነበረም ይባላል? «አሳየው» ላሉትም፣ እንጦጦ ላይ አንድ አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የእኛ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታውን ይዞ ባዶውን ተቀምጧል። ይህም የእኔ ጥፋት ነው?

መሪጌታው፦ ጉና ላይ ቢተክሉልህ ደስታዬ ነው። እስከዚያው ፈተናህ ላይ «እንዴት ታወቀ?» የምትል ጥያቄ ጨምር፤ ለእሷ መስታወት አያስፈልግም።