በየቀኑ እያየናቸው የማናውቃቸው

በስዊድን የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ብዙዎቻችን ጂፕሲ ስለምንላቸው ስለ ሮማዎች ነው። ሩማኒያና ቡልጋሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ኅብረት አባል ከሆኑ ወዲህ፣ ከዚያ መጥታ ከሱቁ ደጃፍ ብርድ ልብስ ደርባ፣ የወረቀት ኩባያ ይዛ የምትቀመጠውን ሴት ሁላችንም እናውቃታለን። «ሄይ ሄይ» ትለናለች። አንዳንዶቻችን ሳንቲም ጣል እናደርጋለን፤ አብዛኞቻችን የልጃችንን እጅ ጠበቅ አድርገን እናልፋለን። ልጁ ከዚያ አያያዝ ብዙ ይማራል።

ሰው ሲቀራረብ ጥላቻው ይቀንሳል ይባላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት ግን እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ይህ የሚሆነው በእኩልነት ሲገናኙ፣ ለጋራ ዓላማ አብረው ሲሠሩ፣ ሕግና ባለሥልጣንም ሲደግፋቸው እንደሆነ ጽፏል። ቆሞ የሚመጸውትና ተቀምጦ የሚለምን ዓመቱን ሙሉ ቢተያዩ ከእነዚህ አንዱንም አያገኙም።

ይህን ከአገር ቤት እናውቀዋለን። ሸክላ ሠሪዋ በየሳምንቱ ጀበናና ምጣድ ተሸክማ ገበያ ትወጣለች፤ ዋጋ ተከራክረን እንገዛለን፣ እንጀራችንንም በምጣዷ እንጋግራለን። በስንቱ መንደር ግን «ቡዳ ናት» ተብላ ሕፃን ከዓይኗ ይሸሸጋል፤ ጋብቻማ ጨርሶ አይታሰብም። ያ ሁሉ ዘመን የዘለቀ ግብይት ፍርሃቱን አልነቀለውም።

እዚህ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ስዊድን ተወልደው ያደጉ ሮማዎች ብዙ ናቸው፤ ከመካከላቸው ማንነታቸውን የሚደብቁ አሉ፣ ምክንያትም አላቸው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1954 ሮማዎች እንዳይገቡባት ከልክላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የስኮኔ ፖሊስ ከ4,000 በላይ ሮማዎችን፣ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ በመዝገብ ይዞ ተገኘ። ስለዚህ ፈረቃ የምንቀያየረው ደግ ባልደረባችን ሮማ ቢሆን እንኳ አናውቅም። የእሱን ደግነት ለእሱ ብቻ እንቆጥራለን፤ የለማኟን ችግር ግን በመላው ሕዝቧ ላይ እንጭናለን። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አንድ ሐበሻ ሲያጠፋ ሁላችንም በጎሪጥ እንደምንታይ ለእኛ ማን ይነግረናል?

በእኩልነት አብሮ የመሥራት ዕድል ግን በእጃችን አለ፤ ልጆቻችን የሚጫወቱበት የኳስ ቡድን ወላጆችን በተራ ኪዮስክ ያስጠብቃል። ተራችሁ ከሮማ እናት ጋር ከደረሰ አትቀያየሩ፤ ቡናውን አብራችሁ አፍሉ፣ ሒሳቡንም አብራችሁ ዝጉ።