የወዳጅ መኪና

በዚህ ወር ስለ መኪና ግዢ ልናወጋችሁ ነው። እኛ አስተማሪ እንጂ መካኒክ አይደለንም፤ ነገር ግን የአምስት ዓመት እቁባችንን ይዘን አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለች መኪና ስንፈልግ ያገኘነው ትምህርት ለሌላውም ይጠቅማል ብለን አስበናል።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ደላሎች ነበር። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ኩራቱ አይጣል ነው። ደላላው «ዛሬ ካልወሰዳችሁ ነገ የለችም» ይላል። ካሳዩን መኪኖች አንዷ ቀለሟ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ማግኔት ብናስጠጋባት ግን በሩ ላይ አልያዘም። ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነበርና።

እንዲህ ስንንከራተት አንድ የሰፈራችን ሐጂ ዓይናቸው ስለደከመ ኮሮላ ዲኤክሳቸውን ሊሸጡ መሆኑን ሰማን። ይህችን መኪና ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃታለን። እናታችን ታናሽ እህታችንን ልትወልድ በሌሊት ሆስፒታል የደረሰችው በእርሷ ነው። ሐጂ ዘወትር ሐሙስ ማታ አጥበው ለጁሙዓ ያዘጋጇታል፤ ልጅ በቆሻሻ ጫማ ከገባባት ወዮለት!

ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ወዲያው ግን አንድ ችግር መጣ። መኪናዋን በመካኒክ እናስመርምር ማለት ሐጂን እንደ መጠርጠር መስሎ ታየን። «ከአባት የሚገዛ ሰው አይጠይቅም» ብለን ዝም ብለን ልንገዛ ቆረጥን። ይህ ይሉኝታ ብዙ ሰው ያጠፋል። ከወዳጁ የገዛ ሰው ሲገዛ አይጠይቅም፤ ኋላ እንከን ሲያገኝም አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ ውስጥ ውስጡን ግን ያማርራል። ከጊዜ በኋላ ሰላምታው ይቀንሳል። በአንድ አሮጌ ሞተር የተነሳ በየሐዘንና በየሠርጉ መጠራራት የተዉ ሁለት ቤተሰቦች እናውቃለን፤ ሻጩ እንከኑን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም የሚለው እስከ ዛሬ አልተፈታም።

ቡና ቀርቦ ሳለ ሐጂ፣ «ኡስታዝ፣ መካኒክህስ?» አሉን።

«ኧረ በእርስዎ ላይ!» አልን።

«በእኔ ላይ ማን አለህ? እኔን ሐኪም አይቶኛል፤ በእርሷ ላይ ነው እንጂ!» አሉና ሣቁ። ከዚያም ሳንጠይቃቸው ይዘረዝሩልን ጀመር። ክረምት ላይ በግራ የኋላ በር ሥር ውኃ ታስገባለች። ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስትወጣ ሙቀቷ ይጨምራል፤ ራዲያተሯ መታየት አለበት። ፍሪሲዮኗ ተቀይሯል። ዘይት የተለወጠበትን ቀን የመዘገቡበትን ደብተርም አመጡልን።

የሸቀጥን ዓይብ መሸሸግ በዲናችን እንደማይፈቀድ ሁላችንም እናውቃለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከትተው እርጥቡን ሲያገኙ፣ ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ነጋዴውን መጠየቃቸውን ስንት ጊዜ ለተማሪዎቻችን አስተምረናል። ሆኖም ሻጭ በገዛ እጁ እርጥቡን ከላይ ሲያደርግ ስናይ ያ የመጀመሪያችን ነበር።

መካኒኩ በማግሥቱ ማለዳ መጣ። ሞተሩ ቀድሞ እንዳይነሳ አደራ ብሎን ነበር፤ የሞቀ ሞተር ብዙ ይሸሽጋልና። ሲያስነሳው ጭሱን አየ፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ያቃጥላል፣ ነጩ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካላቆመ ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል ማለት ነው አለን። የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ወተት የመሰለ ነገር እንዳለበት ፈተሸ፤ ምንጣፉን ገልጦ ዝገት ፈለገ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳከረ። በመጨረሻ የፊት ግራ ጎማ በውስጥ በኩል ብቻ መበላቱን አገኘ። ሐጂ ይህን አያውቁም ነበርና ደነገጡ፤ ወዲያው ከዋጋው እንቀንስ አሉ። እኛ አይሆንም ስንል እርሳቸው ሲቀንሱ፣ መካኒኩ እንዲህ ያለ ክርክር አይቶ አያውቅም ነበር መሰል ቁልፉን ይዞ አፉን ከፍቶ ቀረ።

አንድ ስህተት ደግሞ የእኛው ነበር። ስም ማዞሪያው ወጪ ስላለው፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ለጊዜው በውክልና ይሁንልን ብለን ጠየቅን። ሐጂ ቆጣ አሉ። «ነገ ብሞት ልጆቼና አንተ ፍርድ ቤት ልትገናኙ ነው?» እውነታቸውን ነው፤ በሕግ ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ ከወራሾች ጋር ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ዛሬም ውልና ማስረጃ በምንለው የሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ሽያጩን ፈረምን፤ መኪናዋ እዳና እገዳ የሌለባት መሆኑን በመንገድ ትራንስፖርት አጣርተን ስሙን አዞርን። የጎደለችንንም ጥቂት ገንዘብ ሐጂ ያለ ጭማሪ በሦስት ወር እንድንከፍል ፈቀዱልን፤ ግን ሁለት ምስክር አስቀምጠው አጻፉን። የቁርአን ረጅሙ አንቀጽ ስለ እዳ መጻፍ መሆኑን ያስታወሱን እርሳቸው ናቸው፤ ኡስታዙ እኛ ሆነን ሳለ!

እዳው ተከፍሎ አልቋል፤ አልሐምዱሊላህ። ሐጂን በየጁሙዓው ከመስጊድ በር ላይ እናገኛቸዋለን። ከሰላምታ በፊት ኮፈኗን በእጃቸው መታ መታ አድርገው፣ «ራዲያተሯን አሠራህላት?» ይሉናል። እስካሁን አላሠራንላትም።