ከምርመራ ስለ ወደቀች አሮጌ መኪና

አንድ የሞጣ የቤት አባት በደብዳቤ ምክር ጠይቀውናል። ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ ዓመት የተጠጋ ቶዮታ መኪና አለቻቸው፤ በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ወድቃ ቦሎ ተከልክላለች። በቢቸና የሚኖሩትን እናታቸውን በደብረ ወርቅ በኩል እየሄዱ የሚጠይቁት፥ በዓመትም ሁለት ጊዜ ልጃቸውን ወደ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት የሚያደርሱት በእርስዋ ነው። ባለቤታቸው ግን «አንቱ፥ ይህች መኪና ደመወዝዎን ከልጆችዎ ጋራ እኩል ትካፈላለች፤ ይሽጧት» ብለዋቸዋል። ወይዘሮዪቱ የተናገሩት እውነትነት አለው፤ ሆኖም ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት ነገሩን መመርመር ይገባል።

ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከምርመራ ጣቢያ «ወደቀች» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ በምን እንደ ወደቀች የሚነግረውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። የጠያቂያችን ወረቀት ሦስት ነገር ይገልጻል፤ ፍሬን ሲያዝ መኪናይቱ ወደ ግራ ትሳባለች፥ የመሪው ቴስቲና ላልቷል፥ ማርሚታውም ተበስቷል። እነዚህ ሁሉ የሚለወጡ ዕቃዎች ናቸው። የፍሬን ሸራ፥ ቴስቲና፥ አሞርዛተርና ጐማ እንደ ጫማ እንዲያልቁ የተሠሩ ስለ ሆኑ፥ ማለቃቸው የመኪናይቱን ሞት አያመለክትም። ሻንሲው በዝገት ተበልቶ ወይም ተሰንጥቆ ቢገኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ብየዳ ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ የቀድሞ ጕልበቱን እንዲሁ አይመልስለትም። በአውሮፓ በብርድ ወራት በረዶውን ለማቅለጥ በጐዳና ላይ የሚበተነው ጨው የመኪናን ሆድ ይበላልና፥ ከዚያ አገልግላ የመጣች እንደ ሆነች በጋራዥ ጕድጓድ ላይ አቁሞ ከሥርዋ በመብራት ማየት ያስፈልጋል።

ስለ ዋጋው ደግሞ፥ በውጭ አገር ብዙ ሰዎች የማሠሪያው ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ እኩሌታ ካለፈ መኪናውን መተው ይሻላል ይላሉ። ይህ ሒሳብ ለአገራችን እምብዛም አይስማማም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ብዙ ዓመት አገልግለው በሚገቡ መኪናዎች ላይ እጅግ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አሮጌዪቱን የሸጠ ሰው በዚያው ገንዘብ የሚያገኘው የሌላ ሰው አሮጌ ነው፤ ያውም ሕመሟን ገና የማያውቀው። የራሱን መኪና ሕመም ግን መርማሪው በወረቀት ጽፎ ሰጥቶታል።

በጋራዥ ደጃፍ የሚሰማ ሌላ ምክር አለ፤ ለምርመራው ቀን ብቻ ደኅና ጐማ ተውሶ ማሰርና ካለፉ በኋላ ለባለቤቱ መመለስ። ይህን የሚያደርግ ሰው መርማሪውን ያታለለ ይመስለዋል፤ መርማሪው ግን በዚያች መኪና አይሳፈርም። ከቢቸና ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከሺህ ሜትር የሚበልጥ ቍልቍለት ይጠብቀዋል። የፍሬን ዘይት ሲያረጅ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ በረዥም ቍልቍለት ፍሬኑ ሲግል ያ እርጥበት ይፈላና ፔዳሉ እንደ ሊጥ ይለዝባል። በከባድ ማርሽ መውረድ ፍሬኑን ያሳርፈዋል፤ ያረጀውን ዘይት ግን አዲስ አያደርገውም። ዘይቱን መለወጥ ከሌላው ሥራ ሁሉ ወጪው የቀለለ ሆኖ ሳለ፥ ወረቀቱ ላይ ስላልተጻፈ ብቻ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ለሞጣ ሰው ስለ ጥገና መናገር ድፍረት ሳይሆን አይቀርም፤ በአቅራቢያቸው ሰባራ ድልድይ አለና። በዐፄ ፋሲል ዘመን በዓባይ ላይ የተሠራው ይህ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ስለ ተሰበረ፥ ሕዝቡ ብዙ ዘመን በገመድ እየተሳበ ተሻግሯል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2002 ክፍተቱ በብረት ተጋጠመ፤ በ2005 ግን ጐርፍ ወሰደው፤ በ2009 ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ። ክፍተቱ ተጠግኖ ነበር፤ ወንዙ ግን እንደ ቀድሞው ይሞላል። መኪና የሚያሠራም ሰው ከወረቀቱ ሌላ የሚሄድበትን መንገድ መቍጠር አለበት።

ስለዚህ ሻንሲው ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ያሠሯት እንላለን። የፍሬኑን ሸራ የግራውንም የቀኙንም በአንድ ጊዜ፥ ዘይቱንም ጨምረው ያስለውጡ፤ ቴስቲናው አስመስሎ የተሠራ እንዳይሆን ከሚያምኑት ነጋዴ ይግዙ። ማርሚታው በብየዳ ይበቃዋል፤ ቀለሙና የበሩ ጩኸት ለሌላ ዓመት ይቈይ። ሻንሲው የተበላ እንደ ሆነ ግን አንድ ብር እንኳ ሳያወጡባት ለመለዋወጫ ዕቃ ፈታትተው ይሽጧት፤ በዚህ ጊዜ የወይዘሮዪቱ ፍርድ ይጸናል። ቦሎው እስኪለጠፍ ድረስ መኪናይቱ በግቢ ትቁም፤ እናታቸው ከቢቸና የሚልኩት ጤፍም በአውቶቡስ ይምጣ።